መለኪያው ያለፋቸው ልጆች

ኤስቤርግ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1983

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለዛካሪስ፣ ሃምራቪክ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ባለቤትዎ ኤልስፓ ካረፈች ወዲህ ብቻዎን መሆንዎን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ማሰብ ብቻ ሆነብኝ እንጂ መምጣት አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ።

አጎቴ፣ ልጄን ማርዩንን ልልክልዎ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እዚህ ዴንማርክ ልጅ ቢራ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ሻጩ የሚጠይቀው «ከረጢት ትፈልጋለህ?» ብሎ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሣር ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ሁለተኛው ቀን ጫማዋ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ጠርቶኛል። ባለቤቴ ክየልድ «ወጣትነት ነው፣ ያልፋል» ይላል። እኔ ግን በዓሣ ፋብሪካው ቢላዬን ይዤ ቆሜ የማስበው እሷን ነው፤ ጣቴን የቆረጥኩትም ለዚህ ነው።

እዚያ ደሴቱ ላይ አረቄ የሚሸጥበት ሱቅ እንኳ የለም። ለዚህ ነው የእርስዎ ቤት ትዝ ያለኝ። አንድ ክረምት ብቻ ያቆዩልኝ። ጠርሙስ ካለበት አያስጠጓት። የመጣችበትንም ምክንያት ለሰው አይንገሩብኝ።

አምላክ የባሕሩን ማዕበል ያለዝብልዎ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሱንቫ

ሃምራቪክ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1983

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሱንቫ፣

ነፋሱን የሚያዝ ጌታ ደጅሽን ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጉልበት ነው፤ ስለ እሱ አትጠይቂኝ። ደብዳቤ የምትጽፈው ኤልስፓ ነበረች፤ እኔ ከታች ስሜን ብቻ ነበር የማስቀምጠው። አሁን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሉ ከተጣመመብሽ አንገትሽን አጣምመሽ አንብቢው።

ልጅቷ ደርሳለች። መርከቡ ላይ ሐሞቷ እስኪወጣ አስታውኳት ነው የመጣችው። ገና በር ላይ ቆማ «ቴሌቪዥኑ የት ነው?» አለችኝ። መስኮቱን አሳየኋት። ጥቂት አየችና «አንድ ቻናል ብቻ ነው እንዴ ያለው?» አለች። አፏ እንደ አባቴ ነው፤ ያንቺም እንዲሁ ነበር። በነፋስ የደረቀውን የበግ ሥጋ መጀመሪያ ቀን በመሀረብ ጠቅልላ ደበቀችው። በሳምንቱ ከጣሪያው ስር እየቆረጠች ስትበላ አገኘኋት። የምትተኛው ኤልስፓ ሱፍ በምታስቀምጥበት ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ስለ መጠጡ አትስጊ። በልጅነትሽ ስለሄድሽ ረስተሽው ይሆናል። እዚህ አገር ግብሩን የከፈለ ሰው ብቻ ነው በየሦስት ወሩ ወረቀት ሞልቶ ከዴንማርክ የሚያዝዘው። መርከቡ የሰውዬው ስም የተጻፈበት ሣጥን ያወርዳል። ዕዳ ያለበት ሰው የቡሽ ሽታ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ እዚህ መጠጥ ያለው በሥርዓተኛ ሰዎች እጅ ነው። የእኔ ስም በግብር ቤት ከጎረመስኩ ጀምሮ አንድ ቀን ተነቅፎ አያውቅም። እኔም የምቀምሰው ለገና አንድ፣ ለቅዱስ ኦላቭ በዓል አንድ ነው።

ጀልባ አብሮኝ የሚያወጣው ጎረቤቴ ሃኑስ ሰላም ብሎሻል። የእሱ ልጅ ባርዱር ከማርዩን ጋር እኩያ ነው፤ ጀልባ ቤቱን ያሳያታል። አየር ታግኝ።

አጎትሽ፣ ዛካሪስ

ኤስቤርግ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1983

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። የሰው ዓይን እስኪያየኝ ድረስ።

ማርዩንም ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋ አጭር ነው፤ ግን ደስ ያላት ትመስላለች። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። «በጀልባ ቤቱ እንደ ሰው ይቆጥሩኛል» ትላለች። ይህ ምን ማለት ነው? ጀልባ ቤት ውስጥ ልጆች ምን ይሠራሉ? በክረምት ጀልባ አይወጣም አይደል?

ለዓይንዎ መነጽር ልኬአለሁ። አይኮሩበት፣ ያድርጉት።

ሱንቫ

ሃምራቪክ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1983

ይድረስ ለሱንቫ፣

ጌታ ደግ ነገር ያሰማሽ። እኔ ግን ደግ አላሰማሽም። መነጽሩን አድርጌው ነው የምጽፈው፤ ሩቁን ያጠፋዋል፣ ቅርቡን ያጎላዋል። ቅርቡ ደግሞ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጎቹን አርደን ጨርሰን እጄን ስታጠብ ማርዩን በር ላይ መጣች። በሩን አጣችው። በሩ ያለው ግን የነበረበት ነው። አስቀመጥኳት።

«ምን ጠጣሽ?» አልኳት።

«የተሰጠኝን።»

«ማን ሰጠሽ?»

«መለኪያው ነው የመጣው አባባ። እኔ አልሄድኩበትም።»

እውነቷን ነው። ይህን ላስረዳሽ። እዚህ ሰው ሥራ ጨርሶ ጀልባ ቤት ሲሰበሰብ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ መለኪያ አለ። ቀጂው ለአንዱ ይቀዳል፣ ሰውዬው ይጨልጠዋል፣ መለኪያውን ይመልሳል፣ ለሚቀጥለው ይቀዳል። ክብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይታለፍም። ሰውን ማለፍ ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ይቆጠራል። በአሥራ አራት ዓመቱ በመሠዊያ ፊት የእምነት ቃሉን የሰጠ ልጅ ደግሞ ሰው ነው። ማርዩን እዚያ እናንተ ዘንድ ቃሏን ሰጥታለች። እንደ ሰው ይቆጥሩኛል ያለችሽ ይህ ነው።

ሃኑስ ዘንድ ሄድኩ። «ለልጅቷ ትቀዳለህ እንዴ?» አልኩት።

«ታዲያ ልለፋት? የአንተን ቤት ልጅ? ሰው ምን ይለኛል፣ ዛካሪስን ናቀው አይለኝም?» አለኝ። ሊያከብረኝ ብሎ ነው። በዚህ ምን ትይዋለሽ።

መጠጡ ከየት መጣ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አትጠይቂኝ። ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምዘጋውም እኔ ነኝ።

አጎትሽ፣ ዛካሪስ

ኤስቤርግ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1984

ይድረስ ለአጎቴ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ። ለገና ደብዳቤዎን ደጋግሜ ከማንበብ በቀር ምንም አልሠራሁም።

አጎቴ፣ ቅር አይበልዎ፤ እኔ የላክኋት ከዚህ እንድትሸሽ ነው። በሩን ይቆልፉባት። ጀልባ ቤት አትሂጂ ይበሏት። ታላቅ አይደሉም እንዴ? ከየት እንደሚመጣ ካወቁስ ለምን አይነግሩኝም? እኔ እናቷ ነኝ።

ሱንቫ

ሃምራቪክ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1984

ይድረስ ለሱንቫ፣

ከጨለማው ወር ላወጣን ጌታ ምስጋና ይድረሰው። መልሴ ዘገየ። ነገሩ እስኪያልቅ ነበር የጠበቅሁት።

በር ቆልፍ አልሽኝ። በዚህ መንደር ቁልፍ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው፤ እሱም ዝጎ አይዞርም። ልጅቷን ብቆልፍባት በመስኮት ትወጣለች። መስኮቱን ብቸነክር መንደሩ መጥቶ ይነቅልላታል። ከማን ጋር ትቀመጥ? ወደ ላይ ተራራ ነው፣ ወደ ታች ባሕር ነው፣ መሀል ላይ ያለው ጀልባ ቤት ነው። እኔም ከዚህ ሌላ የት እንደሚኬድ አላውቅም።

አሁን ግን ጀልባ ቤቱ ደረቅ ነው። በዚህ ሦስት ወር ሣጥን አልመጣም። ክቡ ይቀመጣል፤ የሚዞር ነገር የለም። ሃኑስ አንድ ቀን ባዶውን መለኪያ እያገላበጠ «እንደ መነኩሴ ተቀመጥን እኮ» አለ። ሰዎቹ ትንሽ ይቆዩና ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ልጆቹም እንዲሁ። ማርዩን ሹራብ ጀምራለች፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። ፈተናዋን አልፋለች። ትናንት በግ ስታዋልድ እስከ ክርኗ ደም ሆና «አባባ፣ ይህን ለእናቴ እንዳትጽፍ፣ ትታመማለች» አለችኝ። ጽፌልሻለሁ።

ለምን እንደደረቀ አትጠይቂኝ። ፖስታ ቤት ስገባ ሰዎች ወሬ ያቋርጣሉ። ያቋርጡ። ጀርባዬ ሰፊ ነው።

አጎትሽ፣ ዛካሪስ

ኤስቤርግ፣ ጁን 14 ቀን 1984

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ቤትዎን በረከት ይሙላው። እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ይደብቁኛል? እዚያ ፖስታ ቤት የምትሠራው ቶራ ናት ጽፋ የነገረችኝ። የማዘዣ ወረቀትዎ «ግብር አልከፈለም» ተብሎ እንደተመለሰ፣ መንደሩ ሁሉ እንዳወቀው። እርስዎ፣ አባቴ እንኳ «እንደ ዛካሪስ ሁኑ፣ የማንም አምስት ሳንቲም የለበትም» እያለ ያሳደገን ሰው።

ልጄን ሰው ላይ ጥዬ፣ ያ ሰው ተቸግሮ፣ ከአፉ እየነጠቀ እያበላት። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ አጎቴ ሳልጠይቅዎ አደረግሁት። ለበጋ ዕረፍት እናንተ ዘንድ ልመጣበት ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ለግብር ቤቱ ላክሁት። ሁሉም ተከፍሏል። ስምዎ ንጹሕ ነው፤ ቀና ብለው ይሂዱ።

በዚህ ምክንያት ዘንድሮ አልመጣም። ማርዩንን ይሳሙልኝ። ስለደረቀው ጀልባ ቤት አምላኬን ሌት ተቀን አመሰግናለሁ።

ሱንቫ

ሃምራቪክ፣ ኦገስት 3 ቀን 1984

ይድረስ ለሱንቫ፣

ጤና ይስጥሽ። ሰላምታው ይበቃል።

ማን ክፈይልኝ አለሽ? የተራብኩ መሰለሽ? ሥጋዬ እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል። የግብሩ ገንዘብ ኤልስፓ ስኳር በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። አጥቼ አይደለም ያልከፈልኩት። ላለመክፈል ብዬ ነው ያልከፈልኩት። አሁን ሳልወድ ልነግርሽ ነው።

ሃኑስ ከግብር ቤት ጋር ከተጣላ ዓመታት አልፈዋል። እልኸኛ ነው፤ አይከፍልም። በእሱ ስም ጠብታ አይመጣም። እኔ ደግሞ ስም አለኝ፣ ጥማት የለኝም። ኤልስፓ የታመመች ዕለት ባሕሩ ነጭ ሆኖ ይጮህ ነበር። ማንም ጀልባ አላወጣም። ሃኑስ አወጣ። እኔና እሱ ሐኪሙ ዘንድ ደረስን፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ቀረች። ስንመለስ «ምን ልስጥህ?» አልኩት። «ምንም» አለ። «እንግዲያው ስሜ ያንተ ነው» አልኩት። በዚያን ቀን የተናገርሁትን ቃል አላጥፍም። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሃኑስ ወረቀቱን ይሞላል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ሣጥኑ «ዛካሪስ» ተብሎ ይመጣል፣ እሱ ተሸክሞ ጀልባ ቤት ያስገባዋል። ልጅሽ የጠጣችው የእኔን ስም ነው።

አልፈርምም ብል ቃሌን በላሁ። ብፈርም ልጅቷን በላኋት። ስለዚህ ፈረምኩ፤ ግብሩን ግን ያዝኩት። ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። ቃሌም አለ፣ ሣጥኑም የለም። መንደሩ «ዛካሪስ አለቀለት» አለ፤ ዋጥ አደረግሁት። ይመለሳል ብዬ የሚቀጥለውንም ወረቀት ፈርሜ ሰጠሁት። አንቺ ደግሞ በቸርነትሽ ስሜን አጥበሽ አሰጣሽልኝ።

መርከቡ ሲመጣ እኔ ዳገቱ ላይ ድርቆሽ እያጨድኩ ነበር። ከላይ ሆኜ አየሁት። ሃኑስ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ በባሕሩ ዳር ሲሄድ። ማጭዴን ጥዬ ወረድኩ። ጉልበቴ ጉልበት ነው ብዬሽ ነበር፤ አይደለም። ስደርስ ክቡ ተቀምጧል።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሃኑስ ጠርሙሱን ይዞ ቆሟል። ሚስቱ አና ሶፊያ ሹራቧን ይዛ ጥግ ላይ አለች። ባርዱር በተገለበጠ በርሜል ላይ፣ ማርዩን አጠገቡ።

«ና ዛካሪስ፣ የገዛ ሣጥንህን ልቅዳልህ» አለ ሃኑስ። ሰው ሳቀ። «እንኳን ከዕዳ ወጣህ። ዴንማርክ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው አይሰምጥም።»

«እዚህ ውስጥ ትልቁ ማን ነው?» አልኩ።

«አንተ ነሃ። ከአንተ የሚበልጠው ያ የበሰበሰው ጀልባ ብቻ ነው።»

«ትልቅ ልቅዳ ካለስ?»

«ይቀዳል። ደንብ ነው። እጅህ ካልተንቀጠቀጠ።»

ጠርሙሱንና መለኪያውን ሰጠኝ። ለሃኑስ ቀዳሁ። ለወንድሙ ቀዳሁ። ለአና ሶፊያ ቀዳሁ፤ ከንፈሯን አርሳ መለሰች። ባርዱር እጁን ዘረጋ። አለፍኩት። ማርዩን እጇን ዘረጋች። አለፍኳት። ከእሷ ቀጥሎ ላለው ሰው ቀዳሁ።

ሰው ሁሉ ወደ ሃኑስ ዞረ።

«ዛካሪስ፣ ልጄን አለፍከው» አለ ሃኑስ።

«የኔንም አለፍኳት።»

«በመሠዊያ ፊት ቃሉን የሰጠ ሰው ነው።»

«ለእግዚአብሔር ነው የሰጠው። ለአረቄ አልሰጠም።»

«በአባቶቻችን ጊዜ ሰው አይታለፍም ነበር።»

«በአባቶቻችን ጊዜ ጠርሙሱ ለገና አንድ ነበር። አሁን ሣጥን ነው።»

ማርዩን ተነሳች። ፊቷ ቀልቷል። «ሰው ፊት አዋረድከኝ» አለችና ወጣች። ባርዱር ተከተላት። ሃኑስ መለኪያውን ከእጄ ወሰደው። ቀስ ብሎ ነው የወሰደው፤ እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም። ያ ነው የባሰው። «ከነገ ጀምሮ ጀልባውን ከሌላ ሰው ጋር ጎትት» አለኝ።

ጀልባው ሁለት ሰው ካልጎተተው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሌላ ሰው ደግሞ የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማርዩን አታናግረኝም። ሳህኗን አጥባ ወደ ሱፉ ክፍል ትገባለች። በእኔና በእሷ መካከል ያለው ግድግዳ ሣንቃ ነው፤ ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ እኔ እንደምሰማት ታውቃለች።

ዛካሪስ

ኤስቤርግ፣ ኦገስት 15 ቀን 1984

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ልጄን በሚቀጥለው መርከብ ይላኩልኝ። ሌላ የምለው የለኝም። ይቅር ይበሉኝ።

ሱንቫ

ሃምራቪክ፣ ኦገስት 28 ቀን 1984

ይድረስ ለሱንቫ፣

ጌታ ያጽናሽ። መርከቡ ትናንት ሄዷል። ልጅሽ እዚህ ናት።

ደብዳቤሽን እንደነበረ አነበብኩላት። ከመጣላታችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«እዚያስ?» አለችኝ።

«እዚያ እናትሽ አለች።»

«እዚያ ክየልድ አለ። የመጀመሪያውን የሰጠኝ ክየልድ ነው። ዓርብ ነው ብሎ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን፣ እየሳቀ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ልብስ ልታጥፍ ሌላ ክፍል ገባች።»

ይህን እየከበደኝ ነው የጻፍኩት። አንቺን ልወቅስ አይደለም፤ እኔም ቤት ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል፣ ለዚያውም በእኔ ፊርማ። ግን ከአንዱ መለኪያ አውጥቼ ወደ ሌላው ልልካት አልችልም። እውነት ካልሆነ ውሸት ነው ብለሽ ጻፊልኝ። ያኔ የልብስ ሣጥኗን ራሴ ወደብ አወርድላታለሁ። እውነት ከሆነ ደግሞ እሱንም ጻፊልኝ።

ወጥመድ የገባ ወፍ አይተሻል። ሲታገል ነው ክሩ የሚጠብቀው። ስለዚህ አልታገልም። ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

አጎትሽ፣ ዛካሪስ

ኤስቤርግ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1984

ይድረስ ለአጎቴ፣

እግዚአብሔር ትዕግሥትዎን ይቁጠርልዎ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

እውነት ነው። ልብስ አላጠፍኩም። አልጋ ላይ ተቀምጬ ሳቃቸውን እሰማ ነበር። ክየልድ ክፉ ሰው አይደለም። አይመታም፣ አይሳደብም፣ ደመወዙን ያመጣል። ተው ስለው ቤቱ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ሳምንት ይቆያል። እኔም ዝምታውን ፈርቼ ልጄን ወደ ባሕር ማዶ ላክኋት። እሱን መላክ ሲገባኝ።

እዚያው ያቆዩልኝ። ይላኩልኝ ያልኩትን ይርሱት። ትቆጣለች፣ ትቆጣ። እኔ ራሴ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገና አላወቅሁም።

ሱንቫ

ሃምራቪክ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1984

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሱንቫ፣

በጨለማው ወር መግቢያ ላይ የሰማዩ ጌታ መብራትሽን አያጥፋብሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ልጅቷ አላየችውም። መንገር ያለብሽ አንቺ ነሽ።

የዘንድሮውን ግብር በገዛ እጄ ከፍያለሁ። ከእንግዲህ የምደበቅበት ነገር የለም፤ ሃኑስ ወረቀቱን በቶራ እጅ ሲልክልኝ ሳልፈርም በቶራ እጅ መለስኩለት። ቃሌን አጠፍኩ። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ጥርሴን ያመኛል፤ ግን ጽፌዋለሁ። አንቺ የከፈልሽልኝም በዚህ ኤንቨሎፕ ውስጥ አለ። መርከብ ተሳፈሪበት፤ ሌላ ነገር ብትገዢበት አልወድም።

የተዘጋ ነገር እንዳለ ግን አይምሰልሽ። ሃኑስ ከኮረብታው ማዶ ሌላ ስም አግኝቷል። መለኪያው አሁንም ይዞራል። እኔ የዘጋሁት አንድ በር ነው። ጀልባዬ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ተሰቅላ ቀርታለች። ባሕሩን በመስኮት ነው የማየው፤ ማርዩን «አንዱ ቻናል ዛሬም እሱን ነው የሚያሳየው?» ትለኛለች። አዎ፣ ታናግረኛለች፤ ስድብ ስድቡን ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ አና ሶፊያ፣ የሃኑስ ሚስት፣ ሹራቧን ይዛ መጣች። ባርዱር ከኋላዋ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ።

«ጋሽ ዛካሪስ፣ ምድጃዎ ይሞቃል ብዬ ነው» አለች።

«የእናንተ ምድጃ ምን ሆነ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አይሞቅም።»

አንድ ረድፍ ሠራች፣ ተነሳች፣ ልጇን ትታው ሄደች። ልጁና ማርዩን ካርታ ተጫወቱ። ሁለቱም አኩርፈዋል፤ እርስ በርሳቸው ሳይሆን በእኔ። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ሲጥሉት እኔን የሚመቱኝ ይመስላሉ። ማርዩን «ከዚህ ሰውዬ ቤት እስር ቤት ይሻላል፣ እዚያ ጠባቂው አያንኮራፋም» አለች። ባርዱር ሳቀ። እኔም አንኮራፍቼ እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ደግሞ ልጆቹ እንደገና ካርታ ይዘው ሳሉ ሃኑስ ራሱ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ነፋሱ ከሰሜን ነው። በሩን ከፍቶ ደፍ ላይ ቆመ። አልገባም። እኔም ግባ አላልኩትም። ብዙ ዘመን አብረን አንድ ጀልባ ጎትተናል፤ እንዴት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ።

«ባርዱር፣ ተነስ፤ ጀልባ ቤት ሰው ተቀምጧል፣ አንተን ይጠብቃሉ» አለ።

ልጁ ካርታውን አየ። አባቱን አየ። ማርዩን ራሷን ቀና ሳታደርግ «ተራህ ነው» አለችው። ልጁ ካርታ ጣለ።

ሃኑስ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ልጁን በክንዱ ይዞ ይጎትተዋል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኑ ከልጁ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ ነበር፤ ሁላችንም አየነው። ከዚያ ዞሮ ወረደ።

በሩን ሳይዘጋው ነው የሄደው። ብርዱ ገባ፣ ካርታዎቹን ነፋሱ ያንቀሳቅሳቸው ጀመር። ማርዩን «አባባ፣ በሩን» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። እስካሁን ተከፍቶ ነው ያለው።

አጎትሽ፣ ዛካሪስ